የጥንት የቢስክሌት ጠመንጃዎች፦ ስቲቨንስ፣ ኳከንቡሽና ቬሎዶግ፣ ከመግዛትም ከመተኮስም በፊት

ባለ_ፔዳል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የስቲቨንስ የኪስ ጠመንጃ ለሽያጭ ቀርቧል፤ ድሮ ለቢስክሌተኛ ይሸጥ የነበረው ዓይነት ነው። በርሜሉ 10 ኢንች፣ አካሉ ኒኬል ቅብ፣ ጥይቱ .22 ሲሆን ከብረት ዘንግ የተሠራ ተነቃይ ሰደፍ አብሮት አለ። በርሜሉ ላይ «ጄ. ስቲቨንስ ኤ. ኤንድ ቲ. ኮ.፣ ቺኮፒ ፎልስ፣ ማሳቹሴትስ» የሚል ተቀርጿል። የጠመንጃው ቁጥርና የሰደፉ ቁጥር አይገጥሙም። ሻጩ «ከ1898 በፊት የተሠራ ነው፣ ወረቀት አያስፈልገውም፣ የትኛውንም .22 ይተኩሳል» ይላል። ምን ያህሉን ልመን? ለማየት ስሄድስ ምን ይዤ ልሂድ? (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ብንጽፍ አንደናገርም።)

የድሮ_ብረት፦
ከሦስቱ አንዱንም በቃል አትቀበል።

ከዓመቱ ልጀምር። ፋብሪካው በጆሹዋ ስቲቨንስ በ1864 የተመሠረተ ነው። እስከ 1886 ድረስ «ጄ. ስቲቨንስ እና ኩባንያ» ይባል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «አርምስ ኤንድ ቱል» የሚለው ስም መጣና በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዌስቲንግሃውስ እስኪገዛው ድረስ በዚያው ቀጠለ። ስለዚህ «ኤ. ኤንድ ቲ.» የሚለው ጽሑፍ ጠመንጃው ከ1886 በኋላ መሠራቱን ይነግርሃል እንጂ ከ1898 በፊት ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። የኪስ ጠመንጃው ደግሞ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ድረስ ይመረት ነበር። ዓመቱን የሚያስረዳው ቁጥሩና የአሠራሩ ዝርዝር አንድ ላይ ሲታዩ ነው።

ሕጉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት የፌዴራል ሕጎችን አንድ አድርጎ በማየቱ ነው። የ1968ቱ ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራን መሣሪያ «ጥንታዊ» ብሎ ይለቀዋል። የ1934ቱ ሕግ ግን ጠባብ ነው፦ ጥይቱ በየመደብሩ የሚገኝ ከሆነ የመሣሪያው ዕድሜ ብቻውን ነፃ አያወጣውም። .22 ደግሞ በየመደብሩ አለ። በርሜሉ ከ16 ኢንች ያጠረ ጠመንጃ ሰደፍ ሲገጠምበት በዚያ ሕግ «አጭር በርሜል ጠመንጃ» ይሆናል። ሰደፉ ከሌለ ግን አንድ ጎራሽ ሽጉጥ ነው፤ ጣጣውም ያን ያህል አይደለም።

መውጫው የኤ.ቲ.ኤፍ (የአሜሪካው የፌዴራል የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የሰብሳቢ ዕቃዎች ዝርዝር ነው። የስቲቨንስ የኪስ ጠመንጃዎች እና የኳከንቡሽ የቢስክሌት ጠመንጃ ከነሰደፋቸው ከ1934ቱ ሕግ በስም ወጥተዋል። ዝርዝሩ የሚናገረው ግን አብሮት ስለተሠራው ሰደፍ ነው። ሁሉም ነገር በቁጥሩ መግጠም ላይ የተንጠለጠለው ለዚህ ነው። የሌላ ጠመንጃ ሰደፍ ወይም በቅርቡ የተሠራ ቅጂ ከሆነ ያ ነፃነት አይጠብቅህም። ሁለቱን አብሮ ከመግዛትህ በፊት ለኤ.ቲ.ኤፍ በጽሑፍ ጠይቅና መልሱን ከጠመንጃው ጋር አስቀምጥ። ካልሆነ ሽጉጡን ብቻ ግዛ፣ ሰደፉ እዚያው ይቅር። ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ ደግሞ የየአካባቢያችሁ ሕግ ለብቻው ነው፤ የፌዴራሉን አልፎ መሄዱ አይበቃም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ቁጥሩ የማይገጥም ሰደፍ ያለው ጠመንጃ እንደ «ሙሉ» ሊሸጥልህ አይገባም። ሽጉጡን በሽጉጥ ዋጋ፣ ሰደፉን በመለዋወጫ ዋጋ ቁጠረው።

ናስ_ቀለህ፦
«የትኛውንም .22 ይተኩሳል» የሚለው ከሁሉም የባሰ ነው። .22 ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ቤተሰብ ብዙ ልጆች አሉት፤ ጠመንጃው የተሠራው ለአንዱ ነው።

.22 ሾርት በ1857 ወጣ፤ 29 ግሬን (1.9 ግራም ገደማ) እርሳስ (የጥይቱ አረር) በ4 ግሬን ጥቁር ባሩድ ይገፋ ነበር። .22 ሎንግ በ1871 መጣ፤ ቀለሁ ረዘመ፣ እርሳሱ ግን ያው 29 ግሬን ነው። ሎንግ ራይፍል በ1887 ወጣ፤ ምንጩም ራሱ ስቲቨንስ ነው ተብሎ ይነገራል፦ 40 ግሬን (2.6 ግራም) እርሳስ በ5 ግሬን ጥቁር ባሩድ። ከዚያ በ1890 ከዊንቸስተር ጠመንጃ ጋር የወጣው .22 ደብሊው.አር.ኤፍ አለ፤ እሱ ቀለሁ ወፍራም ስለሆነ ከሦስቱ ጋር አይለዋወጥም።

የኪስ ጠመንጃዎቹ ለተለያዩ ጥይቶች ተሠርተው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቻምበሩን፣ ማለትም ጥይቱ የሚጎርስበትን የበርሜሉን ኋላ፣ መለካት ነው። የተለመደው .22 ቀለህ ውፍረቱ .226 ኢንች (5.7 ሚ.ሜ.) ገደማ ነው፤ የደብሊው.አር.ኤፍ ደግሞ .242 ኢንች ገደማ። ሎንግ ራይፍል በደብሊው.አር.ኤፍ ቻምበር ውስጥ ብታጎርስ ይገባል፣ ይተኩሳልም፤ ግን ቀለሁ በዙሪያው ባዶ ቦታ ስላለ በቁመቱ ይሰነጠቅና ጋዙ ወደ ኋላ ወደ ፊትህ ይመጣል። በተቃራኒው ለሾርት ብቻ የተቦረቦረ ቻምበር ውስጥ ሎንግ ራይፍል አልገባ ካለ በኃይል አትግፋው፤ እርሳሱ ጠመዝማዛው ቦይ ላይ ተጨንቆ ከገባ ግፊቱ ይንራል።

ፍጥነት የግፊት መለኪያ አለመሆኑንም አስተውሉ። ሳጥኑ ላይ «ስታንዳርድ» የሚል ሎንግ ራይፍል በሰከንድ 330 ሜትር ገደማ፣ «ሃይ ቬሎሲቲ» 380 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ሁለቱም ግን የተሠሩበት የግፊት ጣሪያ አንድ ነው፦ 24,000 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ)። «ቀስ ያለውን ነው የምተኩሰው» ብሎ መጽናናት ለጥቁር ባሩድ ዘመን ብረት አይሠራም። ለእነዚህ ብረቶች የሚሻለው ባሩዱ በእውነት ያነሰው ነው። ሲ.ሲ.አይ የተባለው የጥይት ፋብሪካ የሚያመርተው ሲ.ቢ ሾርትና ሲ.ቢ ሎንግ 29 ግሬን እርሳስ በሰከንድ 216 ሜትር (710 ጫማ) ገደማ ይልካል። ስቲንገርና የመሳሰሉት ፈጣኖች ጭራሽ በአጠገቡ አይለፉ፤ የስቲንገር ቀለህ ከሎንግ ራይፍል ቀለህ ይረዝማልም።

ሌላው ጥግም ወጥመድ አለው። አጉዊላ ኮሊብሪ የሚባለው የ.22 ጥይት ባሩድ የለውም፤ እርሳሱን የሚገፋው ማቀጣጠያው ብቻ ነው። አምራቹ ራሱ ለጠመንጃ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል፣ እርሳሱ ረጅም በርሜል ውስጥ ሊቀር ስለሚችል። ውስጡ በዝገት የሻከረ የ15 ወይም የ18 ኢንች በርሜል ደግሞ ለዚህ የተመቻቸ ነው። «ደካማ ስለሆነ ደህና ነው» ብላችሁ አትግዙት።

ጥቁር_ባሩድ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና የምን መተኮስ ነው? 130 ዓመት ያለፈው ብረት፣ የብረቱን ጥራት የሚያውቅ የለም፣ ቢሰነጠቅ መለዋወጫ የለም። አጽድቶ፣ ሰም ቀብቶ ማስቀመጥ ነው ሰብሳቢነት። .22 መተኮስ ለሚፈልግ አዲስ ጠመንጃ ሞልቷል።

ሞርሳ፦
ጥቁር_ባሩድ ያልከው ለብዙዎቹ ልክ ነው፤ ግን ዕድሜውን ብቻ ይዘህ አትፍረድ። በጥንቃቄ ከተመረመሩት አንዳንዶቹ በሲ.ቢ በደህና ይተኩሳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ገና ግድግዳ ላይ ሳሉም አደገኛ ናቸው፣ መዶሻቸው ግማሽ ላይ አይቆምም። የሚለያቸው ምርመራው ነው። ባለ_ፔዳል፣ ይዘህ የምትሄደው ይኸው፦ ጠባብ የእጅ ባትሪ፣ ካሊፐር፣ የመኪና መካኒክ ቫልቭ የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች፣ ከናስ ወይም ከእንጨት የሆነ ዘንግ፣ ጥቂት ጨርቅ፣ ባዶ የ.22 ቀለሆች። የሰው ዕቃ ነውና ባለቤቱን ሳትጠይቅ አንድም ብሎን አትንካ።

ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጥ። በስቲቨንሱ ላይ መዶሻውን ግማሽ ላይ ታቆማለህ፣ በአካሉ ግራ ጎን ያለውን ቁልፍ ትጫናለህ፣ በርሜሉ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ይታጠፋል። መዶሻው ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሳለ ለመክፈት አትሞክር፤ የመምቻው መርፌ ቻምበሩ ጠርዝ ውስጥ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል፣ ስታስገድደው ወይ መርፌው ይሰበራል ወይ ጠርዙ ይጎዳል።

አሁን የቻምበሩን አፍ ጠርዝ ተመልከት። የ.22 ማቀጣጠያ ያለው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ መርፌው የሚመታውም ጠርዙን ነው። ባዶውን ምላጭ ሲስቡ የኖሩበት ከሆነ መርፌው ቻምበሩን እየወቀረ እዚያ ላይ ጎድጓዳ ይፈጥራል፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ጉብታ ይገፋል። ጉብታው ቀለሁን ይቧጭራል፣ አይለቅምም። ጎድጓዳው ጥልቅ ከሆነ ጠርዙን ከፊት በኩል የሚደግፈው ነገር ስለማይኖር መርፌው ይሳሳታል፣ ወይም ጠርዙ እዚያ ቦታ ላይ ይፈነዳል። ጉብታውን የሚመልስ መሣሪያ አለ፣ የጠመንጃ ባለሙያ ሥራ ነው፤ በሊማ ከቆረጥከው ግን ቻምበሩን አበላሽተኸዋል።

ከዚያ ክፍተቱ። ባዶ ቀለህ አስገብተህ ዝጋ። የቀለሁ ጠርዝ ውፍረት ቢበዛ 1.1 ሚ.ሜ. (.043 ኢንች) ነው። በቀለሁ ጀርባና በአካሉ ፊት መካከል ስሱ ቅጠል ምን ያህል እንደሚገባ ለካ። ጭራሽ ባይገባ ጥሩ፤ 0.1 ሚ.ሜ. ከገባ ይታገሡታል፤ ከ0.2 በላይ ከሆነ አይተኮስም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የ.22 ቀለህ ስስ ነው፣ ከኋላ ደጋፊ ከሌለው ጠርዙ ያብጣል፣ ሲብስ ይቀደዳል።

ማጠፊያውን እየው። በርሜሉን ዘግተህ አፈሙዙን በአንድ እጅ፣ እጀታውን በሌላው ይዘህ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቅ። ወደ ጎን ትንሽ ጨዋታ ማለት የማጠፊያው ብሎን አልቋል ማለት ነው፤ ብሎኑን በልክ አሠርቶ መቀየር ይቻላል። ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ግን ያለቀው መቆለፊያው ነው፤ ሲተኮስ ሊከፈት ይችላል፣ እሱ ዕዳ ነው። በብየዳ ሞልቶ መልሶ መቁረጥ አለ፣ ግን ብየዳው የኒኬሉን ቅብ ያቃጥለዋል።

መዶሻውን ሙሉ ሳበው፣ ምላጩን ሳትነካ በአውራ ጣት ወደ ፊት ግፋው። ከወረደ ይዞታው አልቋል፤ እዚያው ተወው። ግማሽ ላይም እንደዚሁ ሞክር። ሌላ መከላከያ የለውም፣ ግማሹ ማቆሚያ ብቻ ነው። ጥይት ጎርሶ መዶሻው ሙሉ ወርዶ ሳለ መርፌው ጠርዙ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ጠመንጃው ከወደቀ ይተኩሳል። ቢስክሌት ላይ ታስሮ በኮረኮንች መንገድ ይሄድ የነበረው ይህ ነው እንግዲህ።

በርሜሉን ከኋላ ወደ ብርሃን አዙረህ ተመልከት። ነጠብጣብ ዝገት ያለበት ሁሉ አይጣልም፣ ሲ.ቢ አሁንም ቀጥ አድርጎ ሊልክ ይችላል። የሚያስጥለው ጥቁር ቀለበት ነው፦ አንድ ቦታ ላይ በዙሪያው እንደ ጥላ የሚታይ ክብ። ድሮ እርሳስ ተቀርቅሮ ሳለ ሁለተኛ ተተኩሶበት በርሜሉ እዚያ ላይ አብጧል። ከውጭ በጣትህ ብትዳስሰው አንዳንዴ ይሰማሃል። ሌላው ቀለበት ቻምበሩ ውስጥ ፊት ለፊት የሚገኘው ነው፤ ለረጅም ጥይት በተቦረቦረ ቻምበር ሾርት ሲተኮስበት የኖረ እንደሆነ ከሾርቱ ቀለህ አፍ ፊት ለፊት ብረቱ ይበላል። እሱ አደጋው አነስተኛ ነው፣ ግን ሎንግ ቀለህ ሲተኮስ እዚያ ውስጥ ያብጥና አልወጣም ይላል።

ባለ_ፔዳል፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሻጩ ያለው ይኸው፦ ስሱ ቅጠል 0.08 ሚ.ሜ. ገባ። ወደ ጎን ትንሽ ይነቃነቃል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ዝም ነው። መዶሻው በሁለቱም ቦታ ይይዛል። ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አለ። በርሜሉ ውስጥ ነጠብጣብ እንጂ ቀለበት የለም። ኒኬሉ በጣም ያብረቀርቃል፤ ይህስ ጥሩ ምልክት ነው?

የድሮ_ብረት፦
አይደለም፣ ጠርጥር። ኒኬል ወደ ቢጫ የሚያደላ ሙቅ ነጭ ነው፤ ክሮም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ክሮም ቅብ በገበያ የተለመደው ከ1920ዎቹ ወዲህ ነው፣ ስለዚህ ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ኋላ የተቀባ ነው። ኒኬል ሆኖም አዲስ ሊሆን ይችላል። የተቀረጸውን ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር እየው፦ ፊደሉ ጠርዙ ዶልዱሞ፣ ውስጡ በቅብ ተሞልቶ ከሆነ ወይም የብሎኑ ራስ መሰንጠቂያ ውስጥ ቅብ ከገባ፣ ከመቀባቱ በፊት በሸራ ወረቀት ተፍቋል ማለት ነው። ስምንት ማዕዘን በርሜል ከሆነ ጠርዞቹ እንደ ቢላ ቀጥ ማለት አለባቸው። ያለቦታው ከሚያብረቀርቅ ይልቅ ግማሹ የተላጠ ኦሪጂናል ቅብ በሰብሳቢ ዓይን ይበልጣል።

ሞርሳ፦
የሰጠኸው ልኬት በፎቶና በቃል የመጣ ነው፤ ራስህ ድገመው። ልኩ እውነት ከሆነ ለሲ.ቢ የሚሆን ይመስላል፤ የጠርዙን ጎድጓዳ ግን ባለሙያ ይየው። ከእንግዲህ ባዶውን ምላጭ አትሳብ። መሞከር ካለብህ ለግድግዳ ብሎን የሚሆነውን ትንሹን ቢጫ ፕላስቲክ አስገባ፣ ቁጥር 4-6 የሚባለው ለ.22 ቻምበር ልክ ይሆናል። ርካሽ ነው፣ ተመቶ ሲጎዳ ይጣላል።

ሊዬዥ_ማኅተም፦
እናንተ አሜሪካ ያላችሁ ስለ ጠመንጃው ታወራላችሁ፤ አውሮፓ ውስጥ የቢስክሌት መሣሪያ ሲባል ቬሎዶግ ነው። የፓሪሱ የጋላን ቤት በ1894 ያወጣው ነው። ቢስክሌተኛውን የሚያሳድድ ውሻ ለማስፈራራት የተሠራ ትንሽ ተሽከርካሪ ሽጉጥ፤ ስሙም ከቢስክሌቱና ከውሻው የተገጣጠመ ነው። ጥይቱ 5.75 ሚ.ሜ.፣ መሐሉ የሚመታ፣ ቀለሁ 28.5 ሚ.ሜ. ገደማ የሚረዝም፣ እርሳሱ 2.9 ግራም ገደማ። ምንሽር ለለመደ ሰው መጫወቻ ይመስላል፤ ኃይሉም ከ.22 የሚበልጥ አይደለም።

ከጋላን በኋላ ሊዬዥ (ቤልጅየም)፣ ሴንት ኤቲየን (ፈረንሳይ) እና ኤይባር (ስፔን) ያሉ ብዙ ትንንሽ ፋብሪካዎች ቀድተውታል። አብዛኞቹ መዶሻቸው በአካሉ ውስጥ የተሸፈነ፣ ምላጫቸው ወደ ፊት የሚታጠፍ፣ የምላጭ ከለላ የሌላቸው ናቸው። ስትገዙ መጀመሪያ ማኅተሙን ፈልጉ። የሊዬዥ ፍተሻ ማኅተም በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ-ኤል-ጂ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ነው፤ ከ1893 ወዲህ በላዩ ዘውድ ተጨመረበት። ዘውድ የሌለው ከሆነ ቀድሞ የተፈተሸ ነው፣ ቬሎዶግ ሊሆንም አይችልም። የስፔን ሥራ ከሆነ እስከ 1923 ድረስ ፍተሻው ግዴታ አልነበረም። ከዚያ በፊት የተሠሩት ጥራታቸው ከአንዱ እስከ አንዱ ሰማይና ምድር ነው፤ ማኅተም ከሌለበት ላለመተኮስ ያ ብቻ በቂ ምክንያት ነው።

ዓመቱን ለማወቅ ጥይቱ ራሱ ይረዳል። ኋላ ላይ በ.22 እና በ6.35 ብራውኒንግ የተሠሩ አሉ። 6.35 የወጣው በ1905 ገደማ ነው፤ ስለዚህ «ከ1900 በፊት የተሠራ» ተብሎ የሚሸጥ ባለ 6.35 ቬሎዶግ ታሪኩ ውሸት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፦ ሞዴሉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 በፊት የሆነ መሣሪያ በነፃ ከሚያዘው ከዲ መደብ ይገባል፣ ከዚያ ወዲህ የሆነው ፈቃድ ወይም ምዝገባ ወደሚጠይቀው።

ናስ_ቀለህ፦
ለቬሎዶጉ ጥይት ፊዮኪ የተባለው ፋብሪካ አምርቷል፤ በገበያ ላይ የሚገኘው ግን አልፎ አልፎ ነው። የድሮ ሳጥን ካገኛችሁ አትክፈቱት፣ ከጥይቱ ሳጥኑ ይበልጣል። .22 ጥይት በ5.75 ቻምበር ውስጥ ለቀቅ ብሎ ይገባል፤ ቻምበሩ 6.4 ሚ.ሜ. ገደማ ነውና። መርፌው መሐሉን ስለሚመታም አይተኩስም። ያም ሆኖ «ልክ መሆኑን ልየው» ብሎ እውነተኛ ጥይት ማስገባት የለም። በ.22 የተሠራውን ቬሎዶግ ደግሞ የጥቁር ባሩድ ዘመን ዕቃ አድርጋችሁ ያዙት፤ የተሽከርካሪው ግድግዳ ስስ ነው።

ሊዬዥ_ማኅተም፦
ተሽከርካሪውን መፈተሻ፦ ምላጩን እስከ መጨረሻ ሳቡና ይዛችሁ ቆዩ፤ ተሽከርካሪውን በጣት ወደ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱ። በአምስቱም ቀዳዳ ድገሙት፣ አራቱ ደህና ሆኖ አንዱ ሊሰንፍ ይችላል። ከዚያ ከአፈሙዙ በኩል በብርሃን እዩ፤ ቀዳዳው ከበርሜሉ ጋር ካልተገጣጠመ ሲተኮስ እርሳሱ ይላጫል፣ ፍንጣሪው በጎን ወጥቶ የቆመውን ሰው ያገኛል። በተሽከርካሪውና በበርሜሉ መካከል ከ0.1 እስከ 0.25 ሚ.ሜ. ክፍተት ጤነኛ ነው። የሚታጠፈው ምላጭ ትንሿ ሞላ ብዙ ጊዜ ተሰብራ ወይም ላልታ ትገኛለች፤ ምላጩ በራሱ ይወርዳል። ከለላ የሌለው ምላጭ ኪስ ውስጥ ሲወርድ ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም።

የድሮ_ብረት፦
አሜሪካም የራሷ ተሽከርካሪዎች አሏት። ፊችበርግ ያለው አይቨር ጆንሰን ቢስክሌትም ሽጉጥም የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። ሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን ደግሞ ባለ 2 ኢንች በርሜሉን «ባይሲክል» ብሎ ይሸጥ ነበር። አይቨር ጆንሰን ስትገዙ የእጀታውን ልባጥ አስከፍቱና የመዶሻውን ሞላ እዩ። ጠፍጣፋ ሞላ ከሆነ የጥቁር ባሩድ ሥራ ነው፤ የተጠቀለለ ሞላ ያለው ከ1909 ወዲህ ለጭስ አልባ ባሩድ የተሠራው ነው። .32 ኤስ ኤንድ ደብሊው (ስሚዝ ኤንድ ዌሰን) የተባለው ጥይት በ1878 ሲወጣ 85 ግሬን እርሳስ በ9 ግሬን ጥቁር ባሩድ ነበር፤ ጠፍጣፋ ሞላ ያለውን በዛሬ ፋብሪካ ጥይት መተኮስ ላይ እኔ የለሁበትም።

ኳከንቡሹ ግን ልቤን ይወስደዋል። ኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፣ ሄርኪመር፣ በ1896 ጀመረ፤ የዐድዋ ዓመት። 12 ኢንች በርሜል፣ ወደ እጀታው ተንሸራቶ የሚገባ የሽቦ ሰደፍ፣ ወደ ጎን ተጎትቶ የሚከፈት የቻምበር መዝጊያ። ያው ፋብሪካ የለውዝ መስበሪያም ይሠራ ነበር፣ ኋላም በእሱ ነው የታወቀው። ችግሩ ያለው መዝጊያው ላይ ነው፤ ማጠፊያው ሲያልቅ መዝጊያው ከቻምበሩ ጋር በልክ አይጋጠምም። ስሱን ቅጠል በአራቱም በኩል ሞክሩ፤ በአንድ ጎን 0.05 ገብቶ በሌላው 0.25 የሚገባ ከሆነ ቀለሁ በአንድ ወገን ያብጣል።

አዲስ_ገቢ፦
ዝገቱንና ቅባቱን በምን ላጽዳ? ኒኬሉ እየተላጠ ያለበት ነው።

ሞርሳ፦
አሞኒያ ያለበትን የበርሜል ማጽጃ ኒኬል ላይ አታድርስ። ከኒኬሉ ሥር የመዳብ ንጣፍ ካለ አሞኒያው በተላጠው በኩል ሾልኮ መዳቡን ይበላዋል፣ ቅቡ በቅርፊት ይነሳል። በርሜሉን ስታጸዳም አካሉን በጨርቅ ሸፍን። ዝገቱ ላይ ቀጭን ዘይት አድርገህ አንድ ሁለት ቀን ተወው፣ ከዚያ በእንጨት ጥርስ መፋቂያና በጨርቅ አንሳ። የብረት ሱፍና የሸራ ወረቀት ለኒኬል አይሆኑም።

ብሎን ለመፍታት የካቻቢቴው ምላስ የመሰንጠቂያውን ወርድና ውፍረት በልኩ መሙላት አለበት፤ ጫፉ የሾለ ተራ ካቻቢቴ ጠርዙን ይልጠዋል። አልላቀቅ ካለ ዘይት አድርገህ ማደር እንጂ መታገል አይደለም። የተላጠ የብሎን ራስ ዋጋ ይጥላል፣ መለዋወጫውም በቶርኖ የሚሠራ ነው።

የድሮ ጥይት ተተኩሶበት ከሆነ በርሜሉን መጀመሪያ በሙቅ ውሃ እጠብ። ከ1920ዎቹ መጨረሻ በፊት የነበሩት ማቀጣጠያዎች ጨው ይተዋሉ፤ ጨውን የሚያጥበው ውሃ እንጂ ዘይት አይደለም። ከዚያ አድርቅ፣ ዘይት ቀባ። የእርሳስ ብናኝ ስለሚኖር በጓንት ሥራ፣ እጅህን በሳሙና ታጥበህ ብላ።

ኦሪጂናል የቆዳ ወይም የሸራ ማኅደር ካለው ደስ ይበልህ፣ ጠመንጃውን ግን በውስጡ አታስቀምጥ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት አሲድም ኒኬሉን ያጠቁረዋል። ለየብቻ አስቀምጣቸው።

አዲስ_ገቢ፦
ለንደን ያለ ዘመድ ባለ .32 ሪምፋየር (እንደ .22 ጠርዙ የሚመታ ጥይት) ስቲቨንስ አግኝቷል። እዚያስ?

ሊዬዥ_ማኅተም፦
እንግሊዝ ውስጥ መለያው ጥይቱ ነው። ሪምፋየር ሆኖ ከ.22፣ .23፣ 6 ሚ.ሜ. እና 9 ሚ.ሜ. ውጭ የሆነ፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 በፊት የተሠራ ኦሪጂናል መሣሪያ እንደ ጌጥና ቅርስ ሲያዝ ከፈቃድ ነፃ ነው። ስለዚህ .32ቱ ያልፋል፣ ያው ጠመንጃ በ.22 ቢሆን አያልፍም። ለመተኮስ ካሰበ ግን ጌጥነቱ ይቀራል፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጥይት አብሮ መያዝም ያንኑ ጥያቄ ያስነሳል። በ2021 ሰባት የመሐል-ምት ጥይቶች ከነፃው ዝርዝር ወጥተዋልና የተሽከርካሪ ሽጉጥ ሰብሳቢ አሮጌውን ዝርዝር ይዞ አይገበያይ።

አስተናጋጅ፦
በውስጥ መስመር ስለሚደጋገም እዚህ ልመልሰው፦ «ጥንታዊ ስለሆነ በሻንጣ ወደ አዲስ አበባ ላምጣው?» አይሆንም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (የዓመቱ ቁጥር በኢትዮጵያ ነው) ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትን ይከለክላል። አሜሪካ «ጥንታዊ» ማለቷ ቦሌ ላይ አያድንም። በዚህ ክር የግዥና የሽያጭ ማስታወቂያም አይለጠፍም።

ባለ_ፔዳል፦
ሽጉጡን ብቻ ለመውሰድ አስቤያለሁ፤ ስለ ሰደፉ ለኤ.ቲ.ኤፍ እጽፋለሁ። ባለሙያው አይቶ ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ተኩስ እንዴት ይሁን?

ናስ_ቀለህ፦
ሕጋዊ መተኮሻ ቦታ፣ የዓይን መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ። መነጽሩ ለይምሰል አይደለም፤ ቀለህ ከተቀደደ ጋዙ የሚመጣው ወደ ዓይን ነው። ጠመንጃውን ከማስደገፊያ ላይ አስረህ በረጅም ገመድ ምላጩን ሳብ፣ በእጅ አይደለም። ሲ.ቢ ሾርት፣ አንድ በአንድ። ከእያንዳንዱ በኋላ እርሳሱ ወረቀቱን መምታቱን እይ፣ በርሜሉን አሻግረህ ተመልከት፣ ቀለሁን አንሥተህ ከአዲስ ቀለህ ጋር አስተያይ።

በጎኑ ስንጥቅ ካለ ቻምበሩ ሰፍቷል። ጠርዙ በአንድ ወገን ካበጠ ክፍተቱ ልክ አይደለም። መርፌው ቀለሁን ከበሳው ጫፉ ሹል ወይም ረጅም ነው፤ ሊስተካከል ይችላል። ጥላሸት በቀለሁ ውጭ እስከ ኋላ ከደረሰ ደካማው ጥይት ቀለሁን አስፍቶ ቻምበሩን አልዘጋውም ማለት ነው፤ በሲ.ቢ ላይ ትንሽ ጥላሸት የተለመደ ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከታዩ እዚያው ቁም።

ድምፁ «ፕፍ» ብሎ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ ከሌለ ሁለተኛ አታጉርስ። እርሳሱ በርሜል ውስጥ ነው። ጥቂት ዘይት ጨምረህ፣ ወፍራም የናስ ዘንግ ከአፈሙዙ አስገብተህ ወደ ቻምበሩ በቀስታ ምታው። ቀጭን ዘንግ አይሆንም፣ እርሳሱን መሐሉን በስቶ ያሰፋውና ይባስ ያጣብቀዋል።

የስቲቨንሱ ቀለህ አውጪ ጠርዙን ትንሽ ብቻ ነው የሚገፋው፤ ቀሪውን በጥፍር ትጎትታለህ። ካልወጣ በቢላ ጫፍ አትፈልቅቅ፣ ከአፈሙዙ በእንጨት ዘንግ ግፋው። ርቀቱን ከ15 እስከ 20 ሜትር ጀምር። ወደ ላይ ቢመታ የፊቱን ማነጣጠሪያ በሊማ አትንካ፣ በሲ.ቢና በሎንግ መካከል ብቻ የሚመታበት ቦታ በእጅጉ ይለያያል። መጀመሪያ ጥይቱን ቀይረህ ሞክር።

ሞርሳ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ኤ.ቲ.ኤፍ ፈቅዶልህ ሰደፉን ከገጠምክና ከተነቃነቀ፣ ዘንጉን ለማጥበቅ አታጥፈው፤ የድሮው ብረት ለስላሳ ነው፣ አንዴ ከታጠፈ ቦይው ውስጥ ቀጥ ብሎ አይገባም። ከመጠጥ ቆርቆሮ የተቆረጠች ስስ ቅንጣቢ በቦዩ ውስጥ አስገባና ብሎኑን በእጅ ብቻ አጥብቅ። በጉጠት ያጠበቁት ሰደፍ የአካሉን ጥርስ ይዞት ይወጣል።